ቃር ሲቆይ የምግብ ቧንቧን ምን ያደርገዋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። የጨጓራ አሲድ እንደሚቀንሰው እንደ ኦሜፕራዞል ቶሎ የሚያልቅብን መድኃኒት ጥቂት ነው። ወረቀት ይዞ የሚመጣ አለ። የጎረቤቱን ባዶ ማሸጊያ አምጥቶ «ይቺን ስጠኝ» የሚልም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ የሚደረግ ምርመራ) ታይቶ ውጤቱ ላይ «ባሬት» የሚል ነገር ያያል፤ ስልኩ ላይ ይፈልጋል፤ ካንሰር የሚለውን ያነባል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። እዚህ ያሉት መስኮቱ ላይ የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም «ዶክተር» ይበለኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ እናንተ ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ያያችሁ ሐኪም ነው።

ቃር ከየት ነው የሚመጣው?

የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ታችኛው ጫፉ ላይ ቀለበት መሰል ጡንቻ አለ። ስንውጥ ይከፈታል፤ ምግቡ ሲያልፍ ይዘጋል። ይህ ጡንቻ ሲላላ ወይም ያለ ሰዓቱ ሲከፈት የጨጓራ አሲድ ሽቅብ ይመለሳል። ጨጓራ አሲዱን የሚችልበት መከላከያ አለው። ቧንቧው ግን የለውም፣ ስለዚህ ይቃጠላል። ደረት መሀል የሚሰማው ማቃጠል፣ ስታጎነብሱ አፋችሁ ድረስ የሚመጣው ጎምዛዛ ውሃ፣ ጠዋት ጠዋት የሚጎረብጥ ድምፅ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ደረቅ ሳል ከዚሁ ሊመጣ ይችላል።

በዓል ላይ ዶሮ ወጥ ጠግቦ በልቶ አንድ ቀን ቃር የያዘው ሰው በሽተኛ አይደለም። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ እየመጣ ወራት ካስቆጠረ ግን ሐኪም ይየው።

«ሽፋኑ ተለውጧል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ጠፍጣፋ ሆነው በተደራረቡ ሴሎች የተሠራ ነው፤ ነጣ ያለ ሮዝ ቀለም አለው። አሲድ ለዓመታት ሲመላለስበት ሽፋኑ ይቆስላል፣ ይድናል፣ እንደገና ይቆስላል። አንዳንድ ሰው ላይ ታዲያ የቆሰለው ሲድን ድሮ በነበረው ሴል አይተካም። አንጀት ውስጥ የሚገኙትን በሚመስሉ ረዘም ረዘም ባሉ፣ ንፍጥ በሚያመነጩ ሴሎች ይተካል። ዶማ ሲይዝ የኖረ ሰው መዳፉ እንደሚጠነክረው ሁሉ ቧንቧውም አሲዱን የሚችል ቆዳ አበጀ ማለት ነው። በኢንዶስኮፒ ሲታይ ቦታው ቀላ ብሎ ይለያል።

«ባሬት» የሚባለው ይህ ለውጥ ነው፤ ስሙ የመጣው ኖርማን ባሬት ከሚባል የለንደን ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ስለዚህ ነገር ሲጽፍ ያየው ነገር ወደ ላይ የተሳበ ጨጓራ መስሎት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌሎች ሐኪሞች የለም፣ ቧንቧው ራሱ ነው፣ የተለወጠው ሽፋኑ ነው ብለው አሳዩ። ስሙ ግን ለእሱው ቀረ።

ጨጓራ አለብህ ከተባልኩ ቆይቻለሁ። ይህ ከዚያ ይለያል?

ይለያል። የጨጓራ መቆጣትና ቁስለት ሕመሙ ከእምብርት በላይ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። ሲርብ የሚብሰው አለ፣ ሲበሉ የሚብሰውም አለ። ቃር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ በተለይ ስትተኙና ስታጎነብሱ። ሁለቱም ያለበት ሰው ሞልቷል። ችግሩ እኛ ዘንድ ሁለቱም በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ መድኃኒት ለዓመታት ይቀጥላሉ፤ ማንም ገብቶ ያየ የለም።

ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ሽፋኑን የሚለውጠው?

አይደለም። እንዲያውም በብዙ ጥናቶች ባክቴሪያው ያለባቸው ሰዎች ላይ ባሬት አነስ ብሎ ነው የተገኘው። ይህ ማለት ግን ባክቴሪያውን ተዉት ማለት አይደለም። የጨጓራ ቁስለትና የጨጓራ ካንሰር ያመጣል፤ ከተገኘባችሁ የታዘዘላችሁን አንቲባዮቲክ እስከ መጨረሻው ውሰዱ። ብቻ ባክቴሪያው ታክሞ ቃሩ ባይለቃችሁ አትገረሙ፤ መንስኤያቸው ሌላ ሌላ ነው።

ባሬት ምልክቱ ምንድን ነው?

የራሱ የሆነ ምልክት የለውም። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ሽፋን አሲድን ስለሚችል አንዳንዱ ሰው ላይ ማቃጠሉ ጭራሽ ይቀንሳል። አሥር ዓመት ያቃጠለው ሰው «አሁን ለቀቀኝ» ብሎ ይደሰታል፤ ያለ መድኃኒት፣ ያለ ምንም ለውጥ እንዲሁ ከለቀቀ ግን ሁልጊዜ ድኗል ማለት አይደለም። ባሬት መኖሩ የሚታወቀው በኢንዶስኮፒ ታይቶ፣ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በደም ምርመራ፣ በአልትራሳውንድ፣ በሰገራ አይታወቅም።

ቃር ያለበት ሁሉ ባሬት ይይዘዋል?

አይይዘውም። አብዛኛው ሰው ላይ ይህ ለውጥ የለም። በምዕራቡ ዓለም በተሠሩ ጥናቶች ሥር የሰደደ ቃር ካለባቸው 100 ሰዎች 3 አካባቢ ናቸው የተገኙት። ሌላ አጋላጭ ነገር ሲጨመርበት ወደ 12 ይጠጋል። አጋላጭ የሚባሉት ወንድ መሆን፣ ከ50 ዓመት ማለፍ፣ ቦርጭ፣ ሲጋራ፣ ከ5 ዓመት በላይ የቆየ ቃርና በቤተሰብ ውስጥ ባሬት ወይም የምግብ ቧንቧ ካንሰር መኖሩ ነው። ቦርጩን አትዝለሉት፤ ሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት ጨምሮ አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሆዱ ከቀበቶው በላይ የወጣ ሰው ቀበቶውን ይበልጥ ሲያጠብቅ ሳይ ይገርመኛል።

አፍሪካውያን ላይ ባሬት ከነጮቹ ይልቅ በጣም አነስ ብሎ ነው የሚገኘው።

ባሬት ካንሰር ነው? ቁርጡን ንገረኝ።

ካንሰር አይደለም። ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ለውጥ ነው፤ አብዛኛው ግን አይሄድም። የናሙናው ውጤት ላይ «ዲስፕላዥያ የለም» ከተባለ በዓመት ካንሰር የሚይዘው ከ1000 ሰው ከ1 እስከ 3 ቢሆን ነው። «ዝቅተኛ ዲስፕላዥያ» ማለት ሴሎቹ ቅርፃቸው መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው፤ ክትትሉ ቶሎ ቶሎ ይሆናል። «ከፍተኛ ዲስፕላዥያ» ከተባለ ግን ነገ ዛሬ አይባልም። ያኔ ቦታውን በኢንዶስኮፒ ቆርጦ ማውጣት ወይም በሙቀት ማቃጠል የሚባል ሕክምና አለ፤ የግድ ደረት አይከፈትም።

ስለዚህ ወረቀቱን ስታገኙ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቃል «ባሬት» አይደለም፤ ከጎኑ ያለው ዲስፕላዥያ የሚለው ነው።

እኔ ቃር የሚባል አላውቅም። ታዲያ የጉሮሮ ካንሰር አያሰጋኝም ማለት ነው?

ይህን ሁሉም ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአሲድና ከባሬት የሚነሣው ነው፤ አውሮፓና አሜሪካ የበዛው እሱ ነው፣ ስልካችሁ ላይ የምታነቡትም ባብዛኛው ስለ እሱ ነው። ሁለተኛው ከድሮው ጠፍጣፋ ሽፋን የሚነሣው ነው። እሱ አሲድም ባሬትም አያስፈልገውም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ከአርሲና ከባሌ ብዙ ታማሚ እንደሚመጣ በጥናት የታወቀ ነው። ከዚህኛው ጋር ስማቸው የሚነሣው ሲጋራ፣ አልኮል፣ በጣም ትኩስ ምግብና መጠጥ፣ ጭስ በሞላበት ቤት ማብሰል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያነሰው አመጋገብ ናቸው።

እና አንድ ሰው ሥጋ አልወርድ ብሎት፣ ቀጥሎ እንጀራ አልወርድ ብሎት፣ አሁን በአጥሚትና በሾርባ ላይ ያለ ከሆነ «ቃር የለብኝም» የሚለው ምንም ዋስትና አይሆነውም። መስኮቱ ላይ የሚያሳዝነኝ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ሦስት ወር ሙሉ የጉሮሮ ቁስለት መድኃኒት ሲገዛ ይቆያል፤ በመጨረሻ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ይመጣል። ምግብ ሲተናነቅ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ቡና ልተው?

ጅማ ላይ ተቀምጦ ቡና ተዉ የሚል ሰው ማን ይሰማዋል! ደግነቱ እንዲህ ማለት አያስፈልግም። ቡና የሚያባብስበት ሰው አለ፤ ምንም የማይለውም አለ። ባሬትን ያመጣል የሚል የጠራ ማስረጃም የለም። ለራሳችሁ ሞክሩት፦ ሁለት ሳምንት በባዶ ሆድ መጠጣቱን ተዉና ልዩነቱን እዩ። ከቀነሰላችሁ ከቁርስ በኋላ ጠጡት፤ ከአቦል እስከ በረካ መቀመጡ ቢቀርባችሁ ደግሞ በአቦሉ ተነሡ።

የማስጠነቅቀው ስለ ሙቀቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ማንኛውም መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር አጋላጭ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ቡናውን ራሱን አላለም፤ ሻይም ቢሆን ውሃም ቢሆን ያው ነው። ከጀበናው ወደ ሲኒ ተቀድቶ ወዲያው ፉት የሚባለው ቡና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ። ከንፈር ያቃጠለ ነገር ቧንቧውንም ያቃጥላል። ገንፎም እንደዚሁ፤ መሀሉ ያለው ቅቤ እየፈላ አትጉረሱ።

ጫትስ?

ጫቱም ከጫቱ ጋር ያለውም ያስቸግራል። ቅጠሉ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድ ያዘገያል፤ የቆየ ምግብ ደግሞ ወደ ላይ መመለስ ይወዳል። ከዚያ ለስላሳው፣ ሲጋራው። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይባልና ቢራ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ርሃብ ይመጣል፣ ጠግበው ይበላሉ፣ ወዲያው ይተኛሉ። ቃር እንዲይዘኝ ምን ላድርግ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር የምነግረው ይህንኑ ነበር። መተው ካልቻላችሁ ቢያንስ ሲጋራውንና ጨብሲውን ቁረጡ፣ እራታችሁን በጊዜ ብሉ።

ተልባ፣ አብሽ፣ ወተት ያድኑኛል?

ተልባ ጉሮሮን ሲያልፍ ያለሰልሳል፤ የሚስማማው ሰው ቢጠጣ አልቃወምም። አብሽም ያው ነው። ወተት ለደቂቃዎች ያበርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ጨጓራ ሌላ አሲድ ያመነጫል። ከእነዚህ ውስጥ የተለወጠ ሽፋን የሚመልስ የለም። በቤት ውስጥ መድኃኒት የማይስማማኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው በሱ እየተጽናና ስድስት ወር ሲያባክን።

ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ፣ ግን አይሠራልኝም። ለምን?

አሥር ሰው እንዲህ ቢለኝ አብዛኛው የሚወስደው ከበላ በኋላ፣ ሲያቃጥለው ነው። ኦሜፕራዞል እንደ አንታሲድ ሽሮፕ ወዲያው የሚያበርድ አይደለም። አሲድ የሚያመነጩትን ሴሎች የሚይዘው ምግብ ሲገባ ሥራ ሲጀምሩ ነው፤ ያኔ ደም ውስጥ ቀድሞ መገኘት አለበት። ስለዚህ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ይዋጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁርስ የምትበሉ ከሆነ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዋጡት። ካፕሱሉ ተፈትቶ፣ ውስጡ ያለው ፍሬ ተፈጭቶ ወይም ታኝኮ አይወሰድም። ሙሉ ውጤቱን ለማየት ጥቂት ቀናት ጠብቁ። በየቀኑ ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም አይሆንም።

እግረ መንገዴን፣ ዶክሲሳይክሊን የምትወስዱ ሰዎች እባካችሁ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡት፤ ውጣችሁም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትተኙ። ካፕሱሉ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ያቆስላል፤ ሰውየው ቃር ያዘኝ ብሎ ተመልሶ ይመጣል። ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን አዘውትራችሁ የምትውጡም ለሐኪሙ ተናገሩ።

ዕድሜ ልኬን መዋጥ አለብኝ? አይጎዳኝም?

ቃር ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ለ8 ሳምንት ታዝዞ ይታያል፤ ከዚያ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ባሬት የተረጋገጠበት ሰው ግን ባያቃጥለውም እንኳ በየቀኑ እንዲቀጥል ነው የሚመከረው። መድኃኒቱ የተለወጠውን ሽፋን አይመልስም፤ አሲዱ ተጨማሪ ጉዳት እንዳያደርስ ነው የሚይዘው። ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 እና ማግኒዥየም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ፤ ሐኪሙ ይህን ያያል። በድንገት ስታቆሙት አሲዱ ለተወሰነ ጊዜ ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሱስ ሆነብኝ ብለው የሚፈሩ አሉ። ሱስ አይደለም፤ ቀስ ተብሎ ሲቀነስ ያልፋል።

ጾም ላይ እንዴት ላድርግ?

ረመዳን ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በጾሙ ሳይሆን በማፍጠሪያው ነው። ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ጭማቂው በአንዴ ሲገባ ጨጓራ ይወጠራል። የሚሠራ ዘዴ አለ፦ አዛን ሲባል በቴምርና በውሃ አፍጥሩ፣ ካፕሱሉን በዚያው ውሃ ዋጡ፣ መግሪብ ስገዱ፣ ከዚያ እራታችሁን ብሉ። ግማሽ ሰዓቱ በሶላቱ ያልፋል። ሱሁር በልቶ ወዲያው መተኛት ግን ዋናው ጠላት ነው፤ ሱብሂ እስኪሰገድ ቁጭ በሉ። የኦርቶዶክስ ጿሚም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ከሆነ ካፕሱሉን ሊገድፍ ሲል፣ ከምግቡ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይውሰደው። የጾም ወጥ ላይ የሚበዛው ዘይትም ለቃር ጥሩ አይደለም።

ሌሊት ሌሊት ነው የሚብሰኝ።

እራት በልታችሁ ቢያንስ 3 ሰዓት ሳትተኙ ቆዩ። በግራ ጎናችሁ ተኙ፤ በቀኝ ስትተኙ አሲዱ ይበልጥ ይወጣል። ትራስ መደራረብ አይጠቅምም፤ ወገብ ላይ አጥፏችሁ ሆዳችሁን ይጫነዋል። የአልጋውን የራስጌ እግሮች ጡብ አስገቡበት፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ባለቤቴ ትንሸራተታለች ብሎ የተከራከረኝ ሰው ነበር። ሁለት ሌሊት ነው፣ ትለምደዋለች።

መቼ ነው ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ?

ምግብ ሲተናነቃችሁ ወይም ሲወርድ ሲያማችሁ። ሳትፈልጉ ስትከሱ። ደም ካስመለሳችሁ ወይም ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፤ የብረት ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ እሱም ያጠቁራል፣ ተናገሩ። ማስታወክ ካልቆመ። ደም ማነስ ከተገኘባችሁ። ደረት የሚጨመድደው ዳገት ስትወጡ ከሆነ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካለው ደግሞ ልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እነዚህ ባይኖሩም ወንድ ከሆናችሁ፣ 50 ካለፋችሁ፣ ከ5 ዓመት በላይ ቃር ካለባችሁና ሲጋራ ወይም ቦርጭ ካለ፣ አንድ ጊዜ ኢንዶስኮፒ ስለመታየት ሐኪሙን ጠይቁ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፣ በጣም ያቃጥለኛል።

በእርግዝና ቃር የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስትወልጂ ይተዋል። ባሬት ነው ብለሽ አትጨነቂ። መድኃኒት ግን ከእኛ መስኮት ሳይሆን ክትትል ከምታደርጊበት ይታዘዝልሽ።

ኢንዶስኮፒ ያማል? እንዴት ነው የሚሠራው?

ሰው ከሚያወራው በታች ነው። ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ አይበላም፤ ጠዋት ቀጠሮ ካላችሁ ቡናም የለም። ጉሮሮ በመርጨት ይደነዝዛል፤ የሚያረጋጋ መርፌም ሊሰጣችሁ ይችላል። በግራ ጎናችሁ ትተኛላችሁ፣ ጥርስ እንዳይነክሰው የምትነክሱት ፕላስቲክ ይሰጣችኋል፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ይገባል። ማቅለሽለሽ አለ፣ ምራቅ ይዝረበረባል፤ መተንፈስ ግን አይከለክልም። በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ከሩብ ሰዓት አይዘልም። ናሙና ሲወሰድ አይሰማችሁም። የሚያረጋጋ መርፌ ከወሰዳችሁ ባጃጅም ሞተርም እንዳትነዱ፤ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ጅማ ላይ ያለው የተለመደ መንገድ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሕክምና ማዕከል መሄድ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ሪፈሩን አትዝለሉ፤ ደረጃውን ካልጠበቃችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ባሬት ከተባልኩ በኋላስ በየስንት ጊዜው ልታይ?

ዲስፕላዥያ ከሌለና የተለወጠው ቦታ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በየ5 ዓመቱ፤ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በየ3 ዓመቱ የሚለው በስፋት የሚሠራበት ነው። ዲስፕላዥያ ካለ ሐኪሙ ቀጠሮውን በጣም ያቀርበዋል ወይም ወደ ሕክምናው ይገባል። ለዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ልኬት ያስፈልጋል። አምስት ዓመት ደግሞ ወረቀት የሚጠፋበት ጊዜ ነው፤ የኢንዶስኮፒውንም የናሙናውንም ውጤት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ለልጃችሁ ወይም ለወንድማችሁም በቴሌግራም ላኩት። ስልክም ይጠፋል።